የቆሮሶው ዓይን ያየው

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም ሌንሱ ምላጩን ጎዳብኝ። የዓሣ ሌንስ ክብ ነው፣ እንደ ዶቃ። ዓይኑ ለመቆረጥ ሰም ውስጥ ከቆየ በኋላ ድንጋይ ይሆናል። መቁረጫ ማሽኑ በስሱ ሊቆርጠው ሲል ይነቀልና የዓይኑን ግድግዳ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። አማካሪዬ ዶክተር ኃይለኪሮስ በር ላይ ቆመው "ሌንሱን አስቀድመሽ አውጪው አላልኩሽም?" ይሉኛል። ብለውኛል። ሳወጣው ደግሞ ከኋላ ያለው ስስ ሽፋን አብሮ ይላቀቃል። ወይ ምላጩ ወይ ዓይኑ... አንዱ መጎዳቱ አይቀርም።

ከሰዓት አንድ ደህና ስላይድ ወጣልኝ። እንዴት ያምራል! ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ዓይን ውስጥ ቀለም የሚለዩት ሕዋሳት እንደ ኮብልስቶን ተደርድረዋል። መሃል አንድ፣ ዙሪያውን ጥንድ ጥንድ። ማን ነው እንዲህ ያነጠፋቸው? ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ አንዷ የድሮ ክላስሜቴ "አሁንም የዓሣ ዓይን ነው? አይደብርሽም?" አለችኝ። አይደብረኝም። ዓሣ የዓይን ቆብ የለውም። ብሌኑም እንደኛ ፀሐይ ሲበዛ አይጠብለትም። ታዲያ ብርሃኑን እንዴት ይችለዋል? ከዓይኑ ጀርባ ጥቁር ቀለም አለ። ሲበራ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘረጋና በጨለማ የሚያዩትን ሕዋሳት ይሸፍንላቸዋል። ሲጨልም ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ ሕዋሳቱም ይወጣሉ። ዓይኑ ቶሎ መድኃኒት ውስጥ ከገባ ሁሉም ባለበት ይቀራል። ስላይዱን አይቼ ይሄኛው ብርሃን ላይ ነበር፣ ያኛው ጨለማ ውስጥ ነበር ማለት እችላለሁ። መመረቂያዬ ይኸው ነው። በቃ።

ይሄን ሁሉ ላስረዳት ስል ታክሲው ገርጂ ደረሰና ወረደች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ቀኑን ሙሉ ቤት ነበርኩ። ለሙከራዬ ዓሣ ልወስድ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ገንዳ ሄድኩ። ጋሽ አብዱልሐሚድ ሳይተኙ አገኘኋቸው። የሌሊት ዘበኛችን ናቸው፣ ከባለቤታቸው ከዘሃራ ጋር በሩ ጥግ ያለችው ክፍል ውስጥ ነው የሚኖሩት። ያደጉት ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ነው። መረብ ሳነሳ አይተው ሳቁብኝ። "ከጥላሽ ይሸሻሉ ልጄ። ፀሐይን ፊት ለፊትሽ አድርጊያት" አሉኝ። እውነትም ወዲያው ያዝኩ።

ዓሦቹ ወፍረዋል። ሁዳዴ ሊገባ ነው፣ ቄሱ አይበላም ቢሉም አትላስ ያሉት ምግብ ቤቶች ካሁኑ ይዘውታል። የዓሣ ማህበሩ ሰዎች ደስ ብሏቸዋል። ሰባት ቤተሰብ ናቸው፣ ሁሉም እንደኛ እርሻቸው ኮንዶሚኒየም የሆነባቸው። ዓሣው የሁሉም ነው፣ ገንዳው ያለበት መሬት ግን የኛ። አባዬ ሲሞት የቀረችን እሷው ናት።

እማዬ ግን ከፍቷታል። የኮንዶሚኒየሙ በረንዳዎች ቁልቁል ገንዳውን ነው የሚያዩት። "ያዩታል ገላኔ። ቡና ይዘው ቆመው ያዩታል። ይሄን ያህል ሰው ያየው ነገር ይበረክታል?"

"ምን ያደርጉታል ታዲያ፣ በዓይናቸው ይበሉታል?"

"ይበሉታል።"

ሳቅሁ። ወንበር ይዤ ነው የሳቅሁት። "እማዬ፣ ዓይን ማለት እኮ ብርሃን መቀበያ ነው። ይቀበላል እንጂ አይልክም። በየቀኑ እየቆራረጥኩ የማየው እኔ ነኝ!" ጋዲሳም አብሮኝ ሳቀ። ወንድሜ ለመሳቅ ምክንያት አይፈልግም። እሷ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አለቁ። ሁሉም።

ጋዲሳ ላቦራቶሪ ደወለልኝ። "ገላኔ፣ ነይ። ዓሦቹ..." ብሎ ዘጋው። ከሃያ ሁለት ራይድ ይዤ ከነፍኩ። ገንዳው ነጭ ሆኗል፣ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው። እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች፣ ሬሳ ያለበት ቤት ነው የሚመስለው። ጋዲሳ እርጥብ ሸራ ያጥፋል። የአባዬ ለቅሶ ጊዜ የተተከለው ጥቁሩ ሸራ። ዓሦቹን ሊያወጣበት መሰለኝ።

አየር የሚነፋው ሞተር ከሶኬቱ ተነቅሏል። ያለ አየር ዓሣው ይታፈናል።

ቦርሳዬ ውስጥ ዓይን የምነክርበት ቢጫ መድኃኒት ነበረ። ነውር መሰለኝ... ቤት እየተለቀሰ እኔ ዓይን ሳወጣ። ግን እጄ ለምዶታል። ገና ያልደረቁትን መርጬ ወሰድኩ። አሁንም ጣቴ ቢጫ ነው። ታጥቤ አልለቅ አለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

የማህበሩ ሰዎች መጡ። ጋዲሳ የሚለው፦ ጠዋት ሱቅ ደርሶ ረፋዱ ላይ ወደ ገንዳው ሲሄድ ሞተው አገኛቸው፤ ሌሊት ነው ያለቁት፤ ዘበኛው ሻይ ሊያፈላ ሞተሩን ነቅሎ ረስቶታል።

ጋሽ አብዱልሐሚድ የሚሉት፦ "ሲነጋ መኖ በትኜላቸው እየተሻሙ በልተዋል። ሞተሩ ይነፋ ነበር። እንደዚያ ትቼ ነው የተኛሁት።"

ከሁለት አንዱ ይዋሻል። ሌሊት ከሆነ ጥፋቱ የሳቸው፣ ቀን ከሆነ ቀን ቀን ገንዳውን የሚጠብቀው የጋዲሳ። የጋዲሳ ከሆነ ደግሞ ማህበሩ ለካሳ መሬቷን ይጠይቃል። ኦቦ ደቻሳ፣ ሊቀመንበሩ፣ በግልጽ ተናገረው። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

ማታ ሳህን ሳጥብ ድንገት መጣልኝ። ሌሊት ወይስ ቀን? ዓይናቸው እኮ እኔ ጋ ነው!

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ዛሬ አየሁት።

መጀመሪያ ላይ ፈራሁ። ስላይዱን አስቀምጬ ሻይ ጠጥቼ መጣሁ። ጋዲሳን አስቤ... ትንሽ ሆኖ ደብተሬ ላይ ዓሣ የሚስልልኝን ጋዲሳ። ከዚያ ዝቅ ብዬ አየሁ።

ጨለማ። ጥቁሩ ቀለም ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ተሰብስቧል። ከሁሉም ዓሣ፣ ከሁሉም ዓይን። አንድም የሚያወላዳ የለም።

ሌሊት ነው የሞቱት። ጋዲሳ አልዋሸም። እግዚአብሔር ይመስገን። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ የደስታ።

አርብ፣ የካቲት 21

ለዶክተር ኃይለኪሮስ አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ ወስደው አዩ። "ሥራው ንጹሕ ነው" አሉ። ከሳቸው አፍ ይሄ ብዙ ነው። ከዚያ ለምን እንደምፈልገው ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"የሞተ ዓሣ ነው ያነሳሽው፣ በሕይወት ያለ አይደለም። አየር ማጣትም ቀለሙን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል፣ አላውቅም። ደግሞ... ዓይን ጨለማ ነበር ይልሻል። ሰዓት ግን አይነግርሽም።"

"ጨለማ ከሆነ ሌሊት ነዋ ዶክተር። ሜዳ ላይ ያለ ገንዳ እኮ ነው።"

"አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ገንዳውን አላየሁትም።"

እኔ ግን አይቼዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ።

እሑድ፣ የካቲት 23

ሽምግልናው ግቢያችን ውስጥ ነበር። ጋሽ አብዱልሐሚድ ጾም ላይ ናቸው፣ ረመዳን ትናንት ገብቷል። ከንፈራቸው ደርቋል። ኦቦ ደቻሳ ብዙ አላከረረም። "ጋዲሳ የወንድማችን ልጅ ነው፣ አብዱልሐሚድ እንግዳ ነው፣ ማናችንም አላየንም። ሰውየው ይማል። ከማለ እኛ ከፈጣሪው በላይ አይደለንም፣ እንተወዋለን" አለ። የአገሩ ደንብ ነው። የማለ ሰው ይለቀቃል።

ቁርአን አስመጡ። ጋሽ አብዱልሐሚድ ታጥበው መጥተው እጃቸውን ጫኑ። "ወላሂ፣ ስሄድ ዓሦቹ በሕይወት ነበሩ። ሞተሩን አልነካሁም" አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

እዚያ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። ጋዲሳም አልተቃወመም። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ የተነሳሁት። ለምን? መሐላው ቢጸና ሰው ሁሉ ጋዲሳን በሆዱ ይይዘዋል ብዬ። ደግሞም... እውነቱን ልጻፍ፣ ማወቄን ማሳየት ፈልጌ ነበር።

ፎቶዎቹን አሳትሜ ይዤ ነበር። አንድ በአንድ አዞርኩላቸው። ይሄ ብርሃን ላይ የነበረ የሙከራ ዓሣ፣ ይሄ ጨለማ ውስጥ የነበረ፣ ይሄ የኛ ገንዳ። ሕፃን እንኳ ይለየዋል። "ጨለማ ነው። ጨለማ ማለት ሌሊት ነው። ከመንጋቱ በፊት ሞተዋል" አልኩ። ዶክተር ያሉኝን አልተናገርኩም።

 ኦቦ ደቻሳ ፎቶውን አቅርቦ አርቆ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ "አብዱልሐሚድ፣ በቅዱስ መጽሐፍህ ላይ ነው የዋሸኸው?" አላቸው። ጋሽ አብዱልሐሚድ ፎቶውን ለምነው ተቀበሉ። ብዙ አዩት። "እኔ እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ አልችልም። መኖ መብላታቸውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ" አሉ።

ማንም አላመናቸውም። በሐሰት የማለ ሰው ግቢ ውስጥ አያድርም ተባለ።

እማዬ ለምን አላየችኝም? ልጇን ነፃ አወጣሁላት። 

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ዛሬ ወጡ። ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ሁለት ጆንያ። ዘሃራ አልሰናበተችኝም። በፊት ከገበያ ስትመጣ ሁልጊዜ ሸንኮራ ትሰብርልኝ ነበር።

እሳቸው ግን በሩ ላይ ቆሙ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ልጄ" አሉኝ። ምርቃት ይሁን እርግማን አልገባኝም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ጋሽ አብዱልሐሚድ ሥራ አላገኙም አሉ። የትም ሄደው ቢጠይቁ ወሬው ቀድሟቸው ይደርሳል። "ቁርአን ጨብጦ የዋሸው" እያሏቸው ነው።

እኔ ምን ላድርግ? ስላይዱ ያለውን ነው ያልኩት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20



ማህበሩ ሰሞኑን ጫጩት ዓሣ አስገብቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ላቦራቶሪ ቆይቼ ቀትር ላይ ቤት ገባሁ። እንደምመጣ አልነገርኳቸውም። ላያቸው ወደ ጀርባ ሄድኩ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ገንዳው የለም። ጥቁር ሸራ ነው ያለው። የአባዬ ለቅሶ ሸራ፣ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ተጭኖበት።

ተንበርክኬ ጫፉን አነሳሁ። ራሴን አስገባሁ። ምንም አይታይም። በጠራራ ፀሐይ፣ ቀትር ላይ... ድቅድቅ።

እዚያው ቀረሁ። ያን ቀን ጋዲሳ ያጥፈው የነበረ እርጥብ ሸራ። ዓሣ ያወጣበት መስሎኝ ነበር። አንድም ዓሣ አልነበረበትም እኮ! አይቻለሁ። አይቼ አልፌዋለሁ።

እማዬን ጓዳ አገኘኋት። "ሸራው ምንድን ነው?"

"ለዓይን ነው" አለች ቀስ ብላ። "ከላይ እንዳያዩት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ጀርባዋን ሰጠችኝ።

"እማዬ። ያን ቀንም ተሸፍኖ ነበር?"

"ስቀሽብኝ ስለነበር ነው" አለች። "አንቺ ከቤት ስትወጪ ላስሸፍን፣ ሳትመጪ ላስነሳ ብዬ። ዘበኛው ሊተኛ ከገባ በኋላ ነው ጋዲሳን ሸፍነው ያልኩት። ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።"

ጋዲሳ ቆሞ ይሰማል። እየመታሁት ነው የነገረኝ። ሸራውን ከሸፈነ በኋላ ሮቶው ውኃ ጨርሶ ስለነበር ሞተሩን ነቅሎ በዚያው ሶኬት የውኃ መሳቢያውን ዲናሞ ሰካ። ከዚያ ሱቅ ሄደ። ረሳው። ረፋዱ ላይ መጥቶ ሸራውን ሲገልጠው...

የገንዳው ውኃ አረንጓዴ ነው። ያ አረንጓዴ ነገር ቀን ቀን በፀሐይ አየር ይሰጣል፣ ሲጨልም እሱም መልሶ ይተነፍሳል። ሸራው የበረንዳውን ዓይን ብቻ አይደለም የከለከለው። ፀሐይዋንም ነው የከለከለው። ሞተሩም ሲጠፋ በምን ይተንፍሱ?

"ፎቶውን ሳሳይ እዚያ ነበርክ" አልኩት። "ጨለማ ስል ሰምተሃል።"

"አንቺ እርግጠኛ ነበርሽ" አለኝ። "እኔ ምን ልበል?"

ዓይኑ አልዋሸም። ጨለማ ነበር አለኝ፣ ጨለማ ነበር። ሌሊት ያልኩት እኔ ነኝ። ዶክተር አስጠንቅቀውኛል። ደግሞ ያን ቅዳሜ ወንበር ይዤ ባልስቅ ኖሮ እናቴ ትነግረኝ ነበር። ጋሽ አብዱልሐሚድ ማሉ። እውነት ማሉ። እኔ ነኝ ሐሰተኛ ያደረግኋቸው።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ዒድ ነው ዛሬ። ጎሮ ሄድኩ። ሰው ጠይቄ ጠይቄ አገኘኋቸው፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ከመስጊዱ ጀርባ። ዘሃራ በሩን ከፍታ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። እሳቸው ግን "ግቢ ልጄ፣ በዒድ ቀን በር ላይ አይቆምም" አሉኝ። ከስተዋል። ሸሚዛቸው ታጥቦ ተተኩሷል።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሸራውን፣ ዲናሞውን፣ ጨለማውን። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

"ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ?" አሉ። "እኔ እንደሆንኩ አውቀው የለም እንዴ? ለነሱ ንገሪያቸው።"

"እነግራቸዋለሁ።"

"እኔ ሥራ ማጣቱ አይደለም የከበደኝ ገላኔ። ሰላት ስሰግድ አጠገቤ ያለው ሰው ራቅ ይላል። እሱን ነው የማልችለው።"

ዘሃራ ሳህን ሙሉ ምግብ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።  ጾም ላይ ነኝ፣ እሷም ታውቃለች፣ ግን በላሁ። የዒድ ሥጋ በሁዳዴ በላሁ። እምቢ ብዬ መነሳት አልቻልኩም።

እሑድ፣ መጋቢት 28

ጉባኤውን ያስጠራሁት እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ እማዬ ለመነችኝ። "መሬቷን ይወስዱብናል። አባትሽን ሁለቴ አትቅበሪው" አለችኝ። ጋዲሳ አልለመነኝም። 

ከኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ነኢማ የምትባል ሴትዮ አለች፣ በረንዳዋ ገንዳው ላይ ነው። ያን ጠዋት ሸራውን አይታዋለች። ምስክር ሁኚኝ ብላት "ከጎረቤት አታጣይኝ እባክሽ" ብላ በሩን ዘጋችው።

ስለዚህ ብቻዬን ቆምኩ። ተናገርኩ። አልቅሼም ነበር መሰለኝ። ስጨርስ ኦቦ ደቻሳ መለሰልኝ።

"ልጄ፣ ያን ጊዜ ዓይኑ ሌሊት አለ አልሽን፣ አመንንሽ። ዛሬ ዓይኑ ቀን አለ ትይናለሽ። የትኛውን እንመን?"

"ዓይኑ ሌሊት አላለም። እኔ ነኝ ሌሊት ያልኩት።"

"እንግዲያው አንቺን እንዴት እንመን?"

 ጋዲሳን ጠየቁት። ስልኩን እያየ "ምንም አላውቅም" አለ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞሩ። "ደሪቱ፣ ገንዳውን አስሸፍነሽ ነበር?"

አየችኝ። ያን ሁሉ ሳምንት ያላየችኝን ያህል አየችኝ። ከዚያ ተነሳች። ማንም መሐላ ሳይጠይቃት ግድግዳው ላይ ያለውን የማርያምን ስዕል አውርዳ ይዛው መጣች። አባዬ ሲታመም አጠገቡ የነበረውን። እጇን ጫነችበት።

"ማርያምን። ያን ቀን አልሸፈንኩም። አላስሸፈንኩም።"

ድምጿም አልተንቀጠቀጠም።

"የማለ ሰው ተለቀቀ" አለ ኦቦ ደቻሳ። "እኛ ከፈጣሪ በላይ አይደለንም።" ተነስተው ነጠላቸውን አራገፉ። አንዱ ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ትምህርት ሲበዛ እኮ..." አለኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ላቦራቶሪ ሄጄ ያን ስላይድ አውጥቼ አየሁት። ምንም አልተለወጠም። አሁንም ያምራል። እሱ ነው የሚያስጠላኝ።

ቤት እንደገባሁ ስልክ ተደወለ። ጋሽ አብዱልሐሚድ። እማዬ ጓዳ ናት፣ በሩ ክፍት ነው፣ የድስቱ ድምፅ ይሰማኛል።

"ነገርሻቸው?" አሉ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

"ነገርኳቸው።"

"እህስ?"

የድስቱ ድምፅ ቆመ።

"እናቴ ማለች" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ጓዳ እንዲሰማ። "አልሸፈንኩም ብላ ማለች። ተቀበሏት።"

ስልኩ ውስጥ መኪና ሲያልፍ ይሰማል። 

"በማን ነው የማለችው?"

"በማርያም።"

"አይ ደሪቱ" አሉ። ያዘኑላት ነው የሚመስለው። ለሷ! "እንግዲህ ለማርያም ራሷ ትመልስላት። አብሽሪ ልጄ። አንቺም ካሁን በኋላ አትምጪ፣ ዘሃራ ትታመምብኛለች።" ዘጉት።

ቆሜ ቀረሁ። እማዬ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ሽንኩርት አልነበረም የያዘችው። አጠገቤ ስትደርስ ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። የሆነ ነገር። ምንም ይሁን።

"ራት ደርሷል" አለች።

ተቀመጥኩ። ሦስታችንም ከአንድ ትሪ በላን። ማንም ማንንም አላየም።